በአንድ ሞተር ወደ ቤት

ጡረታ ወጥቼ ሰቆጣ ከተመለስኩ ወዲህ ስለ ሥራዬ የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ የሚያነሣው ጥያቄ አንድ ነው። ስላየኋቸው ከተሞች አይጠይቁኝም። ስለ ባሕር ማዶ ሰው አይጠይቁኝም። ገበያ ሽንኩርት ስመርጥ ወይም ቀበሌ ወረፋ ስጠብቅ አንዱ ጠጋ ይልና፣ «እታገኝ፣ እንዲያው ሞተሩ ሰማይ ላይ ቢጠፋ እንዴት ትሆናላችሁ?» ይለኛል።

«በሌላው እንበራለን» እላለሁ።

«ሌላውስ ቢጠፋ?»

«መጀመሪያ ያንደኛውን ልንገርህ» እላለሁ። እስካሁን ታግሦ ያንደኛውን እስከ መጨረሻው የሰማኝ የለም። የወንድሜ ሚስት ብርነሽ እንኳ፣ ከእሷ ጋር አንድ ግቢ እየኖርን፣ ወሬውን ስጀምር ትነሣና ዶሮዎቿን ታያለች። ስለዚህ ልጽፈው ተነሣሁ። ወረቀት ዶሮ የለውም።

ሆስተስ ነበርኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት። ስጀምር ደመወዜ እናቴን ያስደነግጣት ነበር፤ ስጨርስ ማንንም የሚያስደነግጥ አልነበረም። ስለ እሱ ይኸው ይበቃል።

ለሥራው የተመረጥኩት ቁመቴ ስለደረሰና እንግሊዝኛዬ ደህና ስለነበር ነው። አማርኛዬ ግን ችግር ነበረበት። እኔ ያደግኩት በዋግ ቋንቋ፣ በኽምጥኛ ነው፤ አማርኛን የተማርኩት ትምህርት ቤት ገብቼ ነው። ሥልጠናው ላይ አንዲት የአዲስ አበባ ልጅ የደኅንነት መግለጫውን ሳነብ አነጋገሬን እየደገመች ክፍሉን አሳቀችው። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ምላሴን እንደ ጨርቅ ጠርዝ እየቀነጠስኩ አስተካከልኩት። «የት አገር ነሽ?» ሲሉኝ «ደሴ» እል ነበር። ደሴን ያየኋት በአውቶቡስ መስኮት ነው። ኽምጥኛን የምናገረው ከእናቴ ጋር በስልክ ብቻ ሆነ፤ ያውም በር ዘግቼ።

ሥራውን ያስተማረችኝ እትዬ ሶስና ናት። ዋና አስተናጋጅ ነበረች፤ ቀጭን፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ ፀጉሯን አንድ ቀን እንኳ ተበትኖ ያላየሁባት ሴት። ከሌሎቹ አለቆች የሚለያት ልማዷ ነው። ተሳፋሪ በር ላይ ስትቀበል «እንኳን ደህና መጡ» እያለች ፊት አትመለከትም ነበር፤ እጅና ትከሻ ነበር የምታየው። በኋላ ጠየቅኳት።

«ይኼ ሰውዬ በር መክፈት ይችላል ወይ፣ ያቺ ነፍሰ ጡር ማን ያግዛታል ወይ እያልኩ ነው» አለችኝ። «ቸር ቀን ከሆነ ምንም አላጠፋሁም። ክፉ ቀን ከመጣ ግን ረዳቶቼን አስቀድሜ መርጫለሁ።»

አውሮፕላኑ ሊነሣ ማኮብኮብ ሲጀምር ወሬ አይወራባትም። መዳፎቿን ወደ ላይ ገልብጣ ከጭኖቿ ሥር ታደርግና ዓይኗን ታፈዛለች። እኔ መጀመሪያ የምትጸልይ መስሎኝ ነበር። ለካ በሐሳቧ ነው የምትሠራው፦ አሁን ቢፈነዳ የቱን በር እከፍታለሁ፣ ከመክፈቴ በፊት በመስኮቱ ምን አያለሁ፣ በዚያ በኩል እሳት ካለ ሕዝቡን ወዴት አዞራለሁ፣ ምን ብዬ እጮኻለሁ። ግማሽ ደቂቃ ነው። በየበረራው። መዳፏን ለምን እንደምትቀመጥበት ስጠይቃት፣ «እጅ ከራስ ይቀድማል» አለችኝ። «ራስ እስኪደርስ ድረስ እጅን መያዝ ነው።»

የመጀመሪያው የሞተር ችግር የገጠመኝ ከእሷ ጋር ነው። ከተነሣን ግማሽ ሰዓት ያህል ሆኖናል፤ ሻይ እያደልን ነው። ድንገት ድምፁ ተለወጠ። ፍንዳታ የለ፣ ጩኸት የለ። ሁለት ሰው ሲያወራበት በነበረ ቤት አንደኛው ዝም ሲል እንደሚሆነው ብቻ ሆነ። መብራቱ አንዴ ብልጭ አለ። ከኮክፒት፣ ከአብራሪዎቹ ክፍል፣ የጥሪው ደወል ተደጋግሞ ጮኸ።

እትዬ ሶስና ለአንድ ሽማግሌ ሻይ እየቀዳች ነበር። ቀድታ ጨረሰች። ስኳር ሰጠቻቸው። ማንቆርቆሪያውን ጋሪው ላይ አስቀምጣ የጋሪውን ፍሬን ረገጠች። ከዚያ በኋላ ነው ወደፊት የሄደችው፤ በዚያችው በዘወትር እርምጃዋ። «ሆስተስ ስትሮጥ ያየ ተሳፋሪ ሁለት ጊዜ ይሞታል» ትል ነበር።

ስትመለስ ግራ መዳፏ ላይ በእስክሪብቶ አራት መስመር ጽፋለች። ካፒቴኑን ሁልጊዜ የምንጠይቀው አራት ነገር ነው፦ ምን ሆነ? ምን ልናደርግ ነው? ስንት ደቂቃ አለን? የተለየ ትእዛዝ አለ? መጋረጃ ጀርባ ሰብስባን አነበበችልን። «የቀኙ ሞተር ቆሟል። ወደ ተነሣንበት እንመለሳለን። ሃያ ደቂቃ አለን። አወራረዱ እንደ ወትሮው ነው፤ የእሳት አደጋ መኪናዎች ይጠብቁናል፤ ሰው እንዳይደነግጥ ንገሩ።» እያንዳንዳችንን አስደገመችን። እኔ «ሃያ አምስት» ብዬ ስሳሳት ከመጀመሪያው አስጀመረችኝ።

እንደ ወትሮው አረፍን። ማታ እራት ላይ ካፒቴኑ ኮክፒት ውስጥ ምን እንደሠሩ ነገረን። መጀመሪያ ምንም አልነኩም። አንዱ አውሮፕላኑን ብቻ ያበራል፤ ሌላ ሥራ የለውም። ሁለተኛው የሞተሮቹን ቆጣሪዎች ያነብባል። የቆመው የቱ እንደሆነ ሁለቱም ካዩ በኋላ መመሪያው ይገለጣል፤ አንዱ እያነበበ አንዱ ይሠራል። የነዳጁን መዝጊያ ከመዝጋቱ በፊት እጁን አስቀምጦበት «ቀኝ?» ይላል፤ ጓደኛው አይቶ «ቀኝ» ይላል። ያኔ ብቻ ይዘጋል።

«ደህናውን ሞተር በራሱ እጅ የዘጋ ሰው አለ» አለን ካፒቴኑ። «ስለዚህ አንጣደፍም። የቀረው ሞተር ተሸክሞ ያወጣናል፤ ተሸክሞ ያወርደናል። እኛ የምንፈራው ሞተሩን አይደለም፤ እርስ በርስ አለመነጋገርን ነው።»

ይህን ሰምቼ አንገቴን ነቀነቅኩ። የገባኝ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ በአራተኛው ዓመት ይመስለኛል፣ ጠዋት ወደ አንዲት የዓረብ ከተማ ልንበር ተሳፋሪ አስገባን። አብዛኞቹ ለቤት ሠራተኝነት የሚሄዱ ልጃገረዶች ናቸው። ዋና አስተናጋጇ እትዬ ሶስና ናት። እኔ የተመደብኩት መሐል በር ላይ ነው፤ መቀመጫዬ ወደ ተሳፋሪዎቹ የዞረ ነው። ከጎኔ ሄለን የምትባል ባልደረባዬ አለች። ፊት ለፊቴ፣ ክንፉ የሚታይበት መስኮት ሥር፣ አንዲት ልጅ ተቀምጣለች። ፓስፖርቷን የያዘ ፌስታል ደረቷ ላይ አጣብቃለች። አንገቷ ላይ ያለውን ንቅሳት ሳይ የአገሬ ልጅ መሆኗን አወቅኩ። ለጎረቤቷ አንድ ሁለት ቃል ስትናገር ደግሞ ጥርጥር አልቀረኝም፤ ኽምጥኛ ነው፣ ያውም ከሰቆጣ ወዲያ ያለው የጻግብጂ አነጋገር። ልቤ ዘለለ። ፊቴን ግን ወደ ሄለን አዞርኩ።

መሬቱን እንደለቀቅን ድም አለ። ወንበሩ ከሥሬ ተንቀጠቀጠ። የተጠበሰ ላባ የሚመስል ሽታ መጣ። ወፍ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ወፍም ነበር። ካፒቴኖቹ የግራውን ሞተር ጉልበት ቀነስ ሲያደርጉት መንቀጥቀጡ በረደ። ከኮክፒት ጥሪ የለም። እኔ ካለሁበት ሞተሩ አይታይም። ልጅቱ ግን በመስኮቱ ታየዋለች።

ዞራ አየችኝ። በኽምጥኛ፣ «እቴ፣ የዚህ ነገር ክዳኑ ተከፍቷል። ይወዛወዛል። እሳት እየተፋ ነው» አለችኝ።

እያንዳንዱ ቃል ገባኝ። እናቴ ቤት ውስጥ ብሆን ኖሮ ብድግ ብዬ ነበር። ግን ሄለን አጠገቤ ናት፤ ሦስት ዓመት ሙሉ የደሴ ልጅ መሆኔን የነገርኳት ሄለን። በአማርኛ፣ «አይዞሽ እህቴ፣ ምንም አይደለም፤ ቀበቶሽን አትፍቺ» አልኳት።

ልጅቱ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደገመችው። በጣቷ መስኮቱን መታች።

«ምን እያለች ነው?» አለች ሄለን።

«እኔ እንጃ። ፈርታ ነው» አልኳት።

ለራሴ ሰበብ ነበረኝ። አውሮፕላን በሚነሣበት ሰዓት ያለ ብርቱ ጉዳይ ኮክፒት አይደወልም። ነገር ግን እሳት ብርቱ ጉዳይ መሆኑን የማያውቅ አስተናጋጅ የለም። ካፒቴኖቹ የሚያዩት ቆጣሪ ነው፤ የተከፈተ ክዳን የሚያሳይ ቆጣሪ ደግሞ የላቸውም። በዚያ አውሮፕላን ውስጥ ነገሩን የምታውቀው አንዲት ተሳፋሪ ናት፤ የተናገረችው ደግሞ ለእኔ ነው።

አራት ደቂቃ ያህል ወደ ላይ ወጣን፤ ፍጥነት እየጨመርን። ከዚያ ጣሪያ ቆርቆሮ በነፋስ ሲገነጠል የሚሰማው ዓይነት ድምፅ መጣ። አውሮፕላኑ ወደ ጎን ተወረወረ። ሰው ሁሉ ጮኸ። ሄለን የውስጥ ስልኩን አነሣች።

የሞተሩ ሽፋን ተገንጥሎ ሄዶ ክንፉን መትቶት ነበር። ከክንፉ ኋላ ተዘርግቶ ለማረፊያ ፍጥነት የሚቀንሰው ክፍል ተበላሸ። ካፒቴኖቹ ሞተሩን ዘግተው ዞሩ፤ ሥራቸውን አሳምረው ሠሩ። ግን በፍጥነት ማረፍ ግድ ሆነባቸው። ፍሬኑ ከሚችለው በላይ ስለያዘ ጎማዎቹ ጨሱ፤ ጭሱ ወደ ነበልባል ሲሄድ ካፒቴኑ «ውጡ!» ብሎ አዘዘ። የቀኝ በሮችን ከፈትን። መንሸራተቻው ተነፍቶ ተዘረጋ። እኔ «ዝለሉ! ዕቃ ተዉ!» እያልኩ እጮኻለሁ። ልጅቱ ስትደርስ አየችኝ። አፏን ከፍታ ነበር፤ ምን ልትለኝ እንደነበር አላውቅም። ገፋኋት። ረጅም ቀሚሷ ከእግሯ ሥር ተጠቀለለና ታች ስትደርስ በጎኗ ወደቀች። የቀኝ እግሯ ሁለት ቦታ ተሰበረ።

ማንም አልሞተም። ሰዎች ሊያጽናኑኝ ሲሉ ይህን ይነግሩኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሁላችንም ያየነውን ጻፉ ተባልን። እኔ ጻፍኩ፦ «ተሳፋሪዋ ስትናገር ሰምቻለሁ፤ ቋንቋዋ ስላልገባኝ መልእክቷን አላወቅኩም።» እትዬ ሶስና የሁላችንንም ወረቀት ሰብስባ አነበበች። የእኔ ጋ ስትደርስ ቆመች። ሌሎቹ እስኪወጡ ጠበቀች። ፀጉሯ አንድም አልተበተነም፤ መዳፏ ላይ የጠዋቱ አራት መስመር በላብ ደብዝዟል።

«እታገኝ፣ ባለፈው ወር ሆቴል ስናድር ክፍላችን ጎን ለጎን ነበር» አለችኝ። «እናትሽን በስልክ ስታነጋግሪ ግድግዳው ስስ ስለሆነ እሰማሽ ነበር። ቋንቋው ምን ነበር?»

መዳፏ ላይ የደበዘዙትን መስመሮች ማንበብ ጀመርኩ።

«ውብ ቋንቋ ነው። አልገባኝም እንጂ ደስ ብሎኝ ነው የሰማሁት።» ወረቀቴን አልቀደደችውም። ከጎኑ አንድ ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እኔ ውጭ ነኝ» ብላ በሩን ዘጋችው።

እውነቱን ጻፍኩት። አንድ ገጽ አልሞላም።

ከበረራ ሦስት ወር ታገድኩ፤ ዕድገቴም ዓመታት ዘገየ። እትዬ ሶስና አልተከላከለችልኝም። ግን በታገድኩበት ወቅት በየሳምንቱ ትደውልልኝ ነበር፤ ስለ ሥራ አታወራም፣ «ምሳ በላሽ?» ብላ ነው የምትጀምር።

በዚያው ወቅት ሰቆጣ መጣሁ። ልጅቱ ዝማም ትባላለች፤ ከሆስፒታል ስትወጣ ወደ ቤተሰቦቿ መመለሷን ሰማሁ። የመኪናው መንገድ እስከሚያልቅበት በመኪና፣ ከዚያ አህያ ከሚነዱ ነጋዴዎች ጋር በእግር ጻግብጂ ገባሁ። እናቷ ደጃፍ ላይ ተቀበሉኝ። የከተማ ሴት ስለመሰልኳቸው አማርኛ እየፈለጉ፣ «ይግቡ፣ ከጤና ቢሮ ነዎት?» አሉኝ። በኽምጥኛ መለስኩላቸው። ሳቁ፤ አንገቴን አቅፈው ሳሙኝ። ያ መሳም ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ያቃጠለኝ የለም።

ዝማም መደብ ላይ እግሯን ዘርግታ ገብስ ትለቅማለች። አወቀችኝ።

«አንቺ ሁነሽ ነው?» አለች። ደጃፉ ላይ በኽምጥኛ ስናገር ሰምታኝ ስለነበር እጇ ቆመ። «ያገሬ ልጅ ነሽ እንዴ?»

«ነኝ።»

«ያኔ ያልኩሽ ገብቶሽ ነበር?»

«ገብቶኝ ነበር።»

ከገብሱ ውስጥ ጠጠር ለቅማ ጣለች። «እኔ እኮ ቋንቋ በማጣቴ ነበር ያዘንኩ» አለች። «ሆስፒታል ተኝቼ፣ አማርኛ ብማር ኑሮ ሰው ሁሉ ባልተጎዳ እያልኩ ራሴን ስወቅስ ነበር።»

ይቅርታ ጠየቅኳት። «እግዜር ይቅር ይበልሽ» አላለችም፤ «ሂጂ» አላለችም። እናቷ ምንም ሳያውቁ ቆሎ አቀረቡልን። ዝማም ከፊቷ ካለው አንድ ጭብጥ አንሥታ ሰጠችኝ። «ብይ፤ መንገዱ ሩቅ ነው» አለች። ይቅርታ ይሁን ወግ ዛሬም አላውቅም። ወደ ዓረብ አገር ዳግመኛ አልሄደችም፤ እዚያው አግብታ ወልዳለች፤ ብርድ ሲሆን ታነክሳለች ብለውኛል። በየዓመቱ ሰው እልክባታለሁ፤ ሰላምታዬን ትቀበላለች። እኔን ግን ነይ ብላኝ አታውቅም።

ወደ ሥራ ስመለስ የስም መለያዬን የምትሠራው ልጅ የምናገራቸውን ቋንቋዎች ጠየቀችኝ። ኽምጥኛ የሚል ቃል ቅጹ ላይ የለም፤ በእጄ ጨመርኩት።

ዓመታት አለፉ። እትዬ ሶስና ጡረታ ወጣች፤ እኔ ዋና አስተናጋጅ ሆንኩ። በየመነሻው መዳፌን ገልብጬ እቀመጥበት ነበር። የሞተር ችግር ሁለት ጊዜ ገጠመኝ፤ አንደኛው ለወሬ የሚበቃ አይደለም። ሁለተኛውን ግን ልንገራችሁ።

ከዓረብ አገር ወደ ቤት ነው። አውሮፕላኑ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ኮንትራታቸውን የጨረሱ፣ ያቋረጡ፣ ወረቀት አጥተው የተመለሱ ሴቶች። ባሕሩን እያቋረጥን ሳለ ያ የማውቀው ዝምታ መጣ፤ የግራው ሞተር ተወ። ደወሉ ጮኸ። ገባሁ። ካፒቴኗ ወጣት ሴት ናት፤ ጀርባዋን ብቻ ነው ያየሁት። ረዳቷ መመሪያ እያነበበ ነው። «ግራ?» «ግራ።» ጠበቅኩ። ሲጨርሱ ዞረች።

«እትዬ እታገኝ፣ ዘይት አፍስሶ ዘግተነዋል። እሳት የለም። ቅርብ ያለው ማረፊያ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ነው፤ እዚያ እንገባለን። አስቀድመን ዝቅ እንላለን፤ ሰው እንዳይደነግጥ። ከመስኮት የሚታይ ነገር ካለ ግን ወዲያው ንገሪኝ።»

መዳፌ ላይ የጻፍኩትን ደገምኩላትና ወጣሁ። በአማርኛ ተናገርኩ፤ በእንግሊዝኛ ደገምኩ፤ ባልደረባዬ በዓረብኛ አለችው። አብዛኛው ሰው ቀበቶውን አሰረ። ከኋላ በኩል ግን አንድ ረድፍ ሙሉ ዋይታ ተነሣ። አንዷ ቆማ ደረቷን ትመታለች፤ ሌሎቹ ይከተሏታል። ሄድኩ። ሳልደርስ ነው ያወቅኩት፤ የምታለቅሰው በኽምጥኛ ነው። የእኛው የዋግ፣ የሰሃላ ልጆች ናቸው፤ ስድስት።

ለነሱ ብቻ በጆሯቸው ልነግራቸው እችል ነበር። ግን ሌሎችም በየረድፉ ተበትነው ይኖራሉ ብዬ ኋላ ያለውን ድምፅ ማጉያ አነሣሁ። ከሞተሩ ይልቅ ማጉያው አስፈራኝ። ደግሞ በኽምጥኛ ሞተርን ምን ልበለው? አፌ ላይ የመጣው በሬ ነው።

«እህቶቼ፣ ስሙኝ። እኔ የሰቆጣ ልጅ ነኝ። ከጥማዱ አንዱ በሬ ደክሞት ተኝቷል። ሌላው ብርቱ ነው፤ ብቻውን ይወስደናል። ለዚሁ ብለው ነው ሲሠሩት ብርቱ ያደረጉት። እኔም አብሬያችሁ ነኝ።»

ዋይታው ቆመ። ከዚያ ያቺ ቆማ የነበረችው፣ እንባዋ ሳይደርቅ፣ «አንድ በሬ ብቻውን ያርሳል እንዴ?» አለችኝ።

«ማን እረሱ አላችሁ?» አልኩ በማጉያው። «ወደ ቤት ነው የምንገባው!»

ከኋላ ሳቅ ተነሣ። ከመሐልም፣ ከፊትም፣ እዚህም እዚያም ሳቅ መለሰ፤ ያላወቅኳቸው የአገሬ ልጆች በመላው አውሮፕላን ተበትነው ነበር። ልጅቱ ተቀመጠች። በየመስኮቱ ለተቀመጡት «የምታዩትን ንገሩኝ፤ በፈለጋችሁት ቋንቋ» አልኳቸው። አንዷ ክንፉ ላይ ዘይት እንደ እንባ እየወረደ ነው አለችኝ። ለካፒቴኗ አደረስኩ። «አመሰግናለሁ፤ የምንጠብቀው ነው» አለችኝ። በዝግታ አረፍን። ጎማው መሬት ሲነካ እልልታው ጆሮ ይበጥስ ነበር።

ለእትዬ ሶስና በማግስቱ ደውዬ ነገርኳት። ስለ በሬው ስትሰማ ሳቀችና፣ «ሻይ እያደላችሁ ነበር?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ቀድተሽ ጨረስሽ?»

«ጨረስኩ።»

«ጎሽ» አለች። ከሷ አፍ «ጎሽ» የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ዓመት ሳይሞላ ዐረፈች። ቀብሯ ላይ የነበርነው አስተናጋጆች ብዙ ነበርን፤ አንዳችንም አልሮጥንም፣ አንዳችንም አልጮኽንም። ከዚያ በኋላ ግን የለቀስተኛው ድንኳን ጀርባ ሄደን ተቃቅፈን እንደ ሕፃን አለቀስን።

አሁን ሥራው ተለውጧል ይሉኛል። መመሪያው ሁሉ ገበታ በሚያህል ስልክ ላይ ነው፤ መዳፍ ላይ የሚጽፍ የለም። ይሁን። እኔ የሚናፍቀኝ ሌላ ነው። በር ከመዘጋቱ በፊት ያለችው አፍታ ትናፍቀኛለች፤ ሁላችንም ተራ በተራ «ዝግጁ» የምንባባልባት። ጫማዬን ከጋሪው ኋላ ቀይሬ የምቆምባት ጠባብ ቦታ ትናፍቀኛለች። ከመላ አገሩ ተሰብስበን፣ ትናንት ሳንተዋወቅ፣ አንዷ ሳትናገር የሌላዋን እጅ ማወቃችን ይናፍቀኛል። እዚህ ሰቆጣ ሁሉም ያውቀኛል፤ ሁሉም ያከብረኛል። እንደዚያ የሚጠብቀኝ ሰው ግን የለም።

ባለፈው ሰሞን ለጡረታ ወረቀት ጉዳይ ወልድያ ልወርድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ዳገቱን ስንያያዝ መኪናው ሳል ጀመረው። ከሾፌሩ ፊት ነጭ ጭስ ወጣ። አንዲት እናት «ወይኔ ልጆቼ!» ብላ ስትጮኽ፣ ሳላስበው ቆሜያለሁ። «ሁላችሁም ተቀመጡ! ዕቃ አትንኩ! በዚህኛው በር ነው የምንወጣው!» እያልኩ ነው፤ ያውም በዚያ በሥራዬ ድምፅ። ሰው ሁሉ ጸጥ ብሎ ታዘዘኝ። ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝና፣ «እማማ፣ ውሃ ጨርሶ እኮ ነው» አለኝ። ሳቁብኝ። እኔም ሳቅኩ። ከደስታ ይመስለኛል።

ወርደን ሞተሩ እስኪበርድ መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። አጠገቤ ከደሃና የመጡ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ተመርኩዘው ተቀመጡ። ያኔ ከላይ፣ በጣም ከላይ፣ አንድ አውሮፕላን ነጭ መስመር እየጎተተ መጣ። ቀና ያለ የለም፤ እኔና ሽማግሌው ብቻ።

«እዚያ ነበር የምትሠሪ አሉኝ» አሉ።

«አዎ አባቴ።»

«አሁን ምን እያደረጉ ይሆን፣ እዚያ ውስጥ?»

ወደ ዶሮ የማይሸሽ አድማጭ ሳገኝ የመጀመሪያዬ ነው። ሰዓቴን አየሁ፤ አቅጣጫውን አየሁ። «ቁርስ አብልተዋል፤ አሁን ትሪ እየሰበሰቡ ነው» አልኳቸው። «አንዷ ኋላ ቆማ ቀዝቃዛ ውሃ ትጠጣለች። ዋናዋ በየረድፉ እየሄደች ቀበቶ ታያለች። መስኮት ዳር የተቀመጠ ልጅ ‹ይኼ የማን አገር ነው?› ይላታል። ጎንበስ ትልና ታያለች። ተራራ ብቻ ነው የሚታያት፤ ስሙን አታውቀውም። ‹ልንደርስ ነው› ትለዋለች።»

ሽማግሌው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። አውሮፕላኑ ከተራራው ወዲያ ገባ። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሣና ጡሩንባ ነፋ፤ ሰው መሳፈር ጀመረ።

«ተነሽ እንጂ ልጄ» አሉኝ ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው። «ትተውሽ ሊሄዱ ነው።»

«እርስዎ ይቅደሙ፤ መጣሁ» አልኳቸው። ነጩ መስመር ገና አልጠፋም ነበር። ከጫፉ እየሳሳ፣ እየሰፋ፣ ሰማይ እስኪሆን ቆሜ አየሁት። ከዚያ ተሳፈርኩ።